ቦይለሬ ሌሊት ሌሊት ያንጠባጥባል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ባለ 50 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር ካስገጠምኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ከሥሩ፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል፣ ትንሽ ማንሻ ያላት የነሐስ ነገር አለች። ከአንድ ወር ወዲህ እሷ ማንጠባጠብ ጀመረች። ውሃ የሚመጣልን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ማታ ነው። ልጆቹ ጠዋት እንዲታጠቡ ቦይለሩንም በእነዚያው ሌሊቶች አብርቼው አድራለሁ። ሥሩ ያስቀመጥኩት ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ሲነጋ ሩቡ ሞልቶ ይጠብቀኛል። የጠራሁት ቧንቧ ሠራተኛ «ቀዳዳዋን በታፖ ልድፈናት፣ 500 ብር ይበቃኛል» አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «የሁላችንም ያንጠባጥባል፣ ተይው» ትለኛለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም አይስሙ፣ እህቴ። ጎረቤትዎ ግን ግማሽ እውነት አላት።

ያቺ የነሐስ ነገር ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ሁለት ሥራ አላት። ቦይለሩ ውስጥ የገባው ውሃ ተመልሶ ወደ መስመሩ እንዳይሄድ ታግዳለች። ውስጥ ያለው ግፊት ሲበዛ ደግሞ ትተነፍሳለች። ጠጋ ብለው ቢያዩዋት ገላዋ ላይ 8 ባር ወይም 0.8 ሜጋ ፓስካል የሚል ሳይኖር አይቀርም። የምትከፈትበት ግፊት ነው።

ውሃ ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ 75 ሲደርስ 1.2 ሊትር ያህል ይተርፋል። ወደኋላ እንዳይመለስ ቫልቭዋ ዘግታበታለች። ቧንቧዎቹም ሌሊት ተዘግተዋል። የት ይሂድ? በእሷው በኩል ጠብ ጠብ ይላል። ስለዚህ ቦይለሩ እየሞቀ ሳለ አንድ የሊትር ሃይላንድ ሞልቶ ትንሽ ቢተርፍ ጤና ነው።

የእርስዎ ባልዲ ግን 5 ሊትር ይዟል። የሙቀቱን ድርሻ እንቀንስለት። ወደ 4 ሊትር የሚጠጋው ከየት መጣ? ጎረቤትዎ የሳተችው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን ያወሳሰበው ውሃው የሚመጣውም ቦይለሩ የሚበራውም በአንድ ሌሊት መሆኑ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለይም። እንለያቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ ቦይለሩን በብሬከር አጥፍተው ይደሩ። ልጆቹ አንድ ቀን በድስት የሞቀ ውሃ ይታጠቡ። ባልዲውን ደረቅ አድርገው ከሥሩ ያስቀምጡና ይተኙ።

ጠዋት ባልዲው ደረቅ ከሆነ ጣጣው ከማሞቂያው ወገን ነው። ቴርሞስታቱ ሙቀቱ ሲደርስ አላቋርጥ ብሎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን የቦይለሩ መብራት ሌሊቱን ሙሉ አትጠፋም፣ ከቧንቧው የሚወጣው ውሃም እጅ ይልጣል። ይህን ካዩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይቶ እስኪቀይረው ድረስ ቦይለሩን አያብሩት። ለማስፈራራት አይደለም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የተዘጋ በርሜል ውስጥ ግን ግፊት ስለሚጫነው ከ100 አልፎም ውሃ እንደሆነ ይቆያል። በርሜሉ የተቀደደ ለት ከዚያ ውሃ ከፊሉ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት የሆነው አንዱ ሊትር ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ከዚህ የምታድንዎ ያቺ ታፖ ሊገባባት የነበረች ቀዳዳ ናት።

እኔም ደፍኜ አውቃለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ደንበኛ «ወለሌን አበሰበሰው» እያለ ነዘነዘኝ፣ ደፈንኩለት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በሌሊት ተደወለልኝ። የሙቅ ውሃው ተጣጣፊ ቱቦ ፈንድቶ የታችኛው ቤት ኮርኒስ ዝናብ ይዘንባል። የቀዝቃዛው ቱቦ ምንም አልሆነም፤ ቫልቭዋ ግፊቱን ወደዚያ አታሳልፍማ። ኮርኒሱን ከኪሴ አሠራሁ።

ቦይለሩ ጠፍቶም ባልዲው ውሃ ከያዘ ግን የምጠረጥረው ቆሻሻን ነው። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ መጀመሪያ ላይ አሸዋና ዝገት ገፍቶ ይመጣል። የእርስዎም ሳይደፈርስ አልቀረም የሚመጣው። አንዲት ፍሬ አሸዋ ቫልቭዋ ውስጥ ያለው ጎማ ሥር ከተቀመጠች አትገጥምም። ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ መስመሩ ላይ ውሃ ባለበት ሰዓት፣ ማንሻዋን ወደ ላይ ይያዙና 5 ሰከንድ ያህል ያፍስሱ። ከዚያ ይልቀቋት። ሦስት አራቴ ይድገሙት። ባልዲው ከሥር ይኑር፣ ፊትዎን ያርቁ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል። ካቆመችም በወር አንዴ እንዲህ ያድርጉላት፤ ሳትነካ የከረመች ቫልቭ በነጭ ደለል ትደርቃለች።

አሁንም ካላቆመች የቀረው ግፊት ነው። ሰው ሁሉ ሲተኛ መስመሩ ላይ ያለው ግፊት ይጨምራል። ቧንቧ ጫፍ ላይ የሚታሰር መለኪያ ያለው ባለሙያ ይፈልጉ። የሚለካው በቀን ሳይሆን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው፤ መለኪያውን አስሮላችሁ ይሂድ፣ እርስዎ ተነስተው ያንብቡት። ከ5 ባር ካለፈ መግቢያው ላይ ግፊት መቀነሻ ይግባ። ቦይለርዎ ከሮቶ የሚጠጣ ቢሆን ይህን ሁሉ ባላስቸገርኩዎት ነበር፤ 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ብቻ ነው።

ግፊቱም ደህና ከሆነ ቫልቭዋ አርጅታለች፣ ትቀየር። ሲገዙ አሮጌዋን ይዘው ይሂዱ፤ ግማሽ ኢንች፣ 8 ባር መሆኗን ያረጋግጡ። ባለሙያው በእሷና በቦይለሩ መሃል ሌላ መዝጊያ እንዳያስገባ። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ብሬከሩን ለማብራት አይቸኩሉ። የሙቁን ቧንቧ ከፍተው አየሩ ወጥቶ አልቆ ውሃው ሳይቆራረጥ ሲወርድ ነው የሚበራው። ያለበለዚያ ማሞቂያው በደረቁ ይቃጠልና ሌላ ወጪ ነው።

የሐሙሱን ውጤት ይጻፉልኝ። ባልዲው ውስጥ ስንት ሊትር እንዳገኙ ጭምር።