የኦሳካ የምግብ ገበያዎች፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ጃፓን፣ ኦሳካ ከተማ በኖርኩባቸው ዓመታት የቅዳሜ ጠዋቴ የገበያ ነበር። የማውቀውን እመልሳለሁ። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር፦ እየተራመዱ መብላት የለም። የገዛችሁትን እዚያው ሱቁ ደጃፍ ቆማችሁ ብሉ፤ ስንጥሩንና ሳህኑን ለሻጩ መልሱ። መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ አታገኙም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያለኝ አንድ ቀን ነው። ኩሮሞን ገበያ ይሻለኛል?

መልስ፦ ሂድ። ኒፖምባሺ ጣቢያ ከወረድክ ቅርብ ነው። ጣሪያ የለበሰ 580 ሜትር ገደማ መንገድ፣ ግራና ቀኙ ወደ 150 ሱቅ። ስሙ «ጥቁር በር» ማለት ነው። አጠገቡ ጥቁር በር ያለው ቤተ መቅደስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ተቃጠለ። በጠዋት ሂድ፣ ጥሬ ገንዘብ ያዝ።

ጥያቄ፦ ዋጋ እንዴት ነው?

መልስ፦ የምኑ? የዓሣው? የፍራፍሬው? የቢላዋው? እባካችሁ ለይታችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በጾም ቀን ብሄድስ? ቶፉና አትክልት ብቻ ብበላ ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቶፉው ራሱ ከአኩሪ አተር ስለሚሠራ ጾም ነው፤ የተቀቀለበት ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ጾም አይደለም። ጃፓኖች ሾርባውንም፣ የአትክልት ወጡንም የሚሠሩት ዳሺ በሚባል መረቅ ነው። ዳሺ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካትሱዎቡሺ አለበት፤ ተጠብሶ ሳይሆን በጭስ ደርቆ እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ከዚያ እንደ እንጨት ፍቅፋቂ በስሱ የተላገ ዓሣ ነው። ታኮያኪ የሚሉት ክብ የሊጥ ጥብስማ አይታሰብም፦ ኦክቶፐስ አለበት፣ ሊጡ እንቁላል አለው፣ ከላይም ያው የዓሣ ፍቅፋቂ ይነሰነስበታል። የኮምቡ ዳሺ የሆነውን ጠይቂ። ኮምቡ የደረቀ የባሕር ተክል ነው።

አንድ አባል፦ ዓሣ እኮ በጾም ይበላል! እኛ ቤት እየበላን ነው ያደግነው።

ሌላ አባል፦ በሁዳዴም? እኛ ሰፈር ማንም አይነካውም።

የመጀመሪያው፦ በሁዳዴም። ዓሣ ሥጋ አይደለም።

መልስ፦ ይህን ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት። እኔ ሾርባው ውስጥ ምን እንዳለ ነው የምነግራችሁ።

ጥያቄ፦ ኮምቡ ግን ምን ጣዕም አለው?

መልስ፦ ኦሳካን ኦሳካ ያደረገው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሚበቅለው ሩቅ ሰሜን፣ ሆካይዶ ነው። በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) መርከቦች እየጫኑ ወደ ኦሳካ ያመጡት ነበር፤ የከተማዋ ምላስ የተገራው በዚያ ነው። ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1908 «ኡማሚ» ብሎ የሰየመውን፣ የጥሩ መረቅ ዓይነት ጥልቅ ጣዕም ያገኘው ከኮምቡ መረቅ ነው። ኦሳካዎች የሚወዱት ማኮምቡ የሚባለውን ዓይነት ነው። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ሻጋታ አይደለም፣ በውሃ አትጠቡት፤ ጣዕሙ እሱ ላይ ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም፣ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ይደር። ጠዋት በትንሽ እሳት አሙቁትና ሳይፈላ አውጡት። ከፈላ ይዝለገለጋል። እኔ የጾም ሽሮዬን በዚህ ውሃ ነው የምሠራው።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ሀላል ይገኛል?

መልስ፦ እኔ ሙስሊም አይደለሁም፣ በደንብ የሚያውቅ ጠይቅ። የማውቀው፦ ጥብሱ ላይ የሚቀቡት ጣፋጭ ስጎ ብዙ ጊዜ ሚሪን ወይም ሳኬ፣ ማለትም አልኮል አለበት። «ሺዮ» በል፤ ጨው ብቻ ማለት ነው።

አንድ አባል፦ ኩሮሞን የቱሪስት ሆኗል እኮ። አንድ ስንጥር ሥጋ የሙሉ ምሳ ዋጋ ያስከፍላል።

መልስ፦ ልክ ነህ፤ የሥጋና የሸርጣን ስንጥሩ ውድ ነው። ርካሽ የፈለገ በማለዳ ተነስቶ ዳይኮኩቾ አጠገብ ወዳለው ኪዙ ገበያ ይሂድ። የጅምላ ገበያ ነው፤ ግን ለማንም ይሸጣሉ። ኩሮሞን ስትሄዱ ስንጥሩን እለፉትና የኮምቡና የጪሚት ሱቆቹ ጋ ቁሙ።

ጥያቄ፦ የገዛሁትን እየበላሁ ብዞርስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ ጽፌያለሁ። አይቻልም። ሱቁ ደጃፍ ቆመህ ብላ።

ጥያቄ፦ ጪሚት ያልከው ምንድን ነው?

መልስ፦ ይቅርታ፣ የጣት ስህተት ነው። በጨው የተቀመመ አትክልት ለማለት ነው፣ ትሱኬሞኖ ይሉታል። በጃፓን የሙቀት ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ከመጣህ ሚዙናሱ የሚባለውን የኦሳካ ደቡብ ደብርጃን ፈልግ። ውሃ የሞላው ነው፣ ጥሬውን ይበላል። በቢላዋ አትቁረጠው፣ በእጅህ ቅደደው።