ዳገቱን የሚወጣው ማን ነው?

ሰዎች ግራፍን እንዴት እንደሚያዩና እንደሚረዱ በዶክትሬት ደረጃ ለማጥናት ወደ ውጭ የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ የሠራሁትን ስህተት ስትደግሙት ዓመታት ስላየሁ ነው። ቃሌ ቢከብዳችሁም ታገሡኝ።

1. የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ሳያልቅ አሳድሱ፤ ከሰው መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊትም የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ በእጃችሁ ያዙ።

2. ብዙዎቻችሁ ውብ ግራፍ ለመሥራት አስባችሁ ትመጣላችሁ። ይህ ምርምር ግን የሚመዝነው ዓይን መጠንን በምን ያህል ትክክለኛነት እንደሚለካና አእምሮ ከዚያ ምን ትርጉም ላይ እንደሚደርስ ነው። ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው በአንድ የጋራ መስፈሪያ ላይ የተቀመጡ ነጥቦችን ሲያነጻጽር ስህተቱ አነስተኛ እንደሆነ፣ ማዕዘንንና ስፋትን ሲገምት ግን ይበልጥ እንደሚሳሳት አሳይተዋል፤ በጋራ መስፈሪያ ላይ የሚነበበው ባር ግራፍ፣ በማዕዘን ከተከፋፈለው ክብ ከፓይ ቻርት የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጄፍሪ ሂርና ማይክል ቦስቶክ እ.ኤ.አ. በ2010 ሙከራውን በኢንተርኔት ተከፍሏቸው በሚሳተፉ ሰዎች ደግመው ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። ተሳታፊን በዚህ መንገድ ማግኘት ቀላል ነው፤ የእኔም ጥፋት የጀመረው ከዚሁ ቅለት ነው።

3. የማንን ዓይን ነው የምትለኩት? በመመረቂያ ሙከራዎቼ የተሳተፉት ሁሉ እንግሊዝኛ አንባቢዎች ነበሩ፤ ለምን እንደሆነም ማንም አልጠየቀኝም። ተመርቄ አገር ቤት ስገባ ጽሑፉን ለእናቴ አሳየኋት። ወደ ላይ የሚወጣውን መስመር በጣቷ ተከትላ «ልጄ፣ ይህን ዳገት የሚወጣው ማን ነው?» አለችኝ። ፈገግ ብዬ ገጹን ገለጥሁት።

ያ ጥያቄ የሙያዬ እምብርት ነበር። የብስክሌት ፍጥነትን የሚያሳይ ግራፍ የተሰጣቸው ተማሪዎች እንኳ መስመሩን ብስክሌቱ የወጣው ኮረብታ አድርገው እንደሚያነቡት በትምህርት ጥናቶች የታወቀ ነው። እናቴ የጤፍን ዋጋ ከበዓል እስከ በዓል በቃሏ ይዛ የምታነጻጽር ሴት ስለነበረች ማነጻጸር አልቸገራትም፤ ያላወቀችው «መጨመር» በወረቀት ላይ ወደ ላይ መውጣት ነው የሚለውን ስምምነት ነው። ለእሷ ዳገት ድካም ነበር። ተቀምጬ ምን እንደምታይ ልጠይቃት ሲገባኝ አለፍኩት፤ ዛሬ በሕይወት የለችም።

እናንተ ግን ጊዜ አላችሁ፣ ጥያቄውም በእጃችሁ ነው። ዓመታችን 13 ወራት አሉት፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስለሆነች፣ የጤና ጣቢያ ታካሚዎችን በየወሩ በሚያሳይ ባር ግራፍ ላይ ከሌሎቹ ወራት እጅግ አጥራ ትታያለች። አንባቢው በሽታው ቀነሰ ይላል ወይስ የወሯን አጭርነት ያስታውሳል? ቀኑን ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚጀምር ሰው፣ ከእኩለ ሌሊት የሚነሳ የሰዓት መስመር ሲያይ ምን ይረዳል?

ባርባራ ትቨርስኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት፣ የቁርስን፣ የምሳንና የእራትን ጊዜ በወረቀት ላይ እንዲያስቀምጡ ሲጠየቁ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዐረብኛ ተናጋሪዎች ከቀኝ ወደ ግራ የመደርደር ዝንባሌ አሳይተዋል፤ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎች በመካከል ነበሩ። በእስራኤል የምትኖሩ ወገኖቼ፣ አማርኛን ከግራ የሚያነብ ወላጅና ዕብራይስጥን ከቀኝ የሚያነብ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ፤ ሁለቱ ጊዜን በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚደረድሩ ለመጠየቅ ከእናንተ የቀረበ ማን አለ? የምርምር ገንዘብ እስኪገኝ ብላችሁ አትጠብቁ፤ የሚያስፈልገው ወረቀትና እርሳስ ነው። ወላጆቹም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

4. መጠይቃችሁን በአማርኛ አዘጋጁ። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትደውሉም አንድ ግራፍ ላኩና «ምን ይታይሻል፣ እማዬ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሷን ሳታርሙ በተናገረችበት ቃል ጻፉት።