ልጄ የየት አገር ሰው ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ ሚላኖ ትኖራለች። ሁለታችንም በአንድ ዓመት ወለድን፤ ያኔ እኛም ባሎቻችንም የኢትዮጵያ ዜጎች ነበርን። የእኔ ልጅ ገና አራስ ሳለሁ የአሜሪካ ፓስፖርት ወጣለት። የእህቴ ልጅ ግን ከሚላኖ ሌላ የኖረችበት ከተማ ሳይኖር፣ እስከ ዛሬ የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው፤ አምና የክፍል ጓደኞቿ ለጉብኝት ለንደን ሲሄዱ እሷ ቪዛዋ ሳይደርስላት ቀረች። ሁለቱም አሁን 17 ዓመታቸው ነው። ዘንድሮ አዲስ አበባ ስንሄድ ልጄ ቦሌ ላይ ለቪዛ ተሰልፎ፣ «እማዬ፣ እኔ ኢትዮጵያዊ አይደለሁም እንዴ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ምን ልበለው? ለእህቴ ልጅስ ምን ይሻላታል?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለልጅዎ «ነህ፤ ነገር ግን ቀነ ገደብ አለው» ይበሉት። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ ሁለቱ ወይም አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑለት ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ሲል፣ ሰውየው የት እንደተወለደ አይጠይቅም። ይህ በሕግ ብቻ ሳይሆን በአነጋገራችንም ያለ ነው። ጉለሌ ተወልዶ ያደገ ሰው «አገርህ የት ነው?» ቢባል፣ አንዴም ያልረገጠውን የአባቱን አገር ጠርቶ «መንዝ» ይላል።

አሜሪካ የያዘችው መንገድ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ከባርነት የወጡት ጥቁሮች ዜግነታቸው እንዳይካድ ታስቦ፣ በምድሪቱ ተወልዶ በሕጓ ሥር ያለውን ሁሉ ዜጋ አደረገ። ከቻይናውያን ወላጆች ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ቻይና ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1895 ሲመለስ «ዜጋ አይደለህም» ተብሎ ወደቡ ላይ ታገደ፤ ተሟግቶም በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደለት። የልጅዎ ፓስፖርት መሠረትም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የወጣውና በየፍርድ ቤቱ ሲያከራክር የቆየው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ያነጣጠረው ከዚያ ወዲህ በሚወለዱ ሕፃናት ላይ ስለሆነ እርስዎን ሊያሳስብዎ አይገባም።

የጣሊያን ሕግ እንደ እኛው የወላጅን ዜግነት ይከተላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ቁጥር 91 ሕግ፣ እዚያው ተወልዶ 18 ዓመት እስኪሞላው ሳያቋርጥ በሕጋዊነት የኖረ የውጭ ዜጋ ልጅ፣ 18 ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ፈቃዱን በመግለጽ ጣሊያናዊ እንዲሆን ይፈቅዳል።

እኔን የሚገርመኝ ያቺ አንድ ዓመት ለልጅዎም መድረሷ ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን አትቀበልም፤ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በአንቀጽ 20፣ በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ዝም ማለትም ምርጫ ሆነ ማለት ነው። የእህትዎ ልጅ በበኩሏ ፈቃዷን ገልጻ ጣሊያናዊነትን ስታገኝ ኢትዮጵያዊነቷን ታጣለች። እንግዲህ ሁለቱ የእህትማማች ልጆች በዚያችው ዓመት፣ አንዱ ዝም በማለቱ፣ አንዷ በመናገሯ፣ ከአንድ በር ይወጣሉ።

ይህን ለ17 ዓመት ልጅ ሲነግሩት ማዘኑ አይቀርም፤ ማንነቱን ግን አዋጁ አልሰጠውም፣ አዋጁም አይወስድበትም። ሕጋችን ራሱ ይህን በከፊል አምኗል፤ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረለትን የውጭ ዜጋ «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» ይለዋል። ፓስፖርት ላይ «የትውልድ ቦታ» ስንል የተወለዱበትን ከተማ፣ «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» ስንል ግን ዘርን ማለታችን ነውና፣ ልጅዎ የትውልድ ቦታው ሜሪላንድ የሆነ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው። በዚህ አዋጅ የሚሰጠው፣ ሁላችንም ቢጫ ካርድ የምንለው መታወቂያ፣ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ መኖሪያና ያለ ሥራ ፈቃድ ያኖራል፤ መምረጥና መመረጥን ግን አይጨምርም። ይህ ቀላል ጉድለት ነው የሚሉኝን አልቀበልም፤ ነገር ግን ቦሌ ላይ ያሠለፈውን ጉዳይ ይፈታለታል።

ይበልጥ መቸኮል ያለባት እህትዎ ነች። በጣሊያን የብዙ ቤተሰብ ችግር «ሳያቋርጥ» የሚለው ቃል ነው፤ ቤት ሲቀየር አድራሻ ሳይመዘገብ፣ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ሳይታደስ የቀረባቸው ወራት ኋላ ላይ ጥያቄ ያስነሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ማሻሻያ የወላጅ ወይም የመሥሪያ ቤት ጉድለት በልጅ ላይ እንዳይቆጠር ስላዘዘ፣ የትምህርት ቤትና የክትባት መዝገቦቿን ከወዲሁ ትሰብስብ። ኮሙኔው (የከተማው ማዘጋጃ ቤት) ልጅቷ 18 ከመሙላቷ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ይህ መብት እንዳላት በደብዳቤ ሊያሳውቃት ይገባል፤ ካላሳወቃት ዓመቱ ካለፈም በኋላ መጠየቅ ትችላለች። ቢሆንም ደብዳቤውን ቁጭ ብላ አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ሄዳ የተመዘገበችበት አድራሻ የአሁኑ መሆኑን ታረጋግጥ።