ባዶ ፎቅ ላይ የሚጎተት ጀሪካን

«መጽሐፉ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ፊልሙን ሳየው ግን ምንም አልመሰለኝም፤ ለምንድን ነው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ እኔንም ብዙ አስጨንቆኛል። በእጄ ሞክሬ ያየሁትን ልንገርህ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ስንገባ ከላያችን ያለው ፎቅ ገና ሰው አልነበረበትም። መብራት ሲጠፋ ከሜዳው በኩል ጅብ ይጮሃል። እዚያው ሆኜ አንድ አጭር የሆረር ታሪክ ጻፍኩ። ሴትየዋ ብቻዋን ናት። ማታ ከላይ፣ ባዶው ቤት ውስጥ፣ ጀሪካን ሲጎተት ትሰማለች። ውሃ መጥቶ ይሆናል ትላለች፣ ጥበቃው ይሆናል ትላለች፣ ራሷን ታረጋጋለች። ከዚያ ውሃ ከጠፋ ሳምንት እንዳለፈው ትዝ ይላታል። ባዶ ጀሪካን ደግሞ አይጎተትም፣ ይያዛል። ታዲያ ውስጡ ያለው ምንድን ነው? ያነበቡት ጓደኞቼ በሙሉ የደነገጡት እዚህች ጋ ነው።

ጽሑፍ ጭንቅላቷ ውስጥ ያስገባሃል። ምክንያት ስትደረድር አብረሃት ትደረድራለህ፣ ምክንያቱ ሲያልቅባት ያንተም ያልቃል።

ታሪኩን በስልክ ቀረጽነውና ሞተ። ተዋናይዋ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች፣ እኛ ሙዚቃ እንጨምራለን፣ የሚያየው ሰው ስልኩን ይነካካል። ሐሳቧ አይታይማ! ሐሳቧን በድምፅ ብናስነብባት ጭራሽ የሬዲዮ ድራማ ሆነ።

ያዳነን ሐሳቡን ወደሚታይ ነገር መቀየራችን ነው። መጀመሪያ ላይ ቧንቧ ትከፍታለች፣ አየር ብቻ ይፏጫል። ትዘጋዋለች፣ ምንም አትናገርም። ሙዚቃውን አወጣነው። ካሜራውን ሳናንቀሳቅስ በሩ ላይ ተከልነው። እሷ ጓዳ ቡና ስትወቅጥ አትሰማም፣ እኛ ግን ጀሪካኑ ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወርድ እንሰማለን። ሙቀጫዋ ዝም ስትል ጀሪካኑም ዝም ይላል።

በአስጨናቂ ፊልሞቹ የታወቀው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ ይሄን በቦምብ ነው ያስረዳው። ጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ ተመልካቹ 15 ሰከንድ ይደነግጣል፤ ቦምቡ እንዳለ አስቀድሞ ካወቀ ግን 15 ደቂቃ ይጨነቃል። ብዙ ሆረር ፊልም የሚወድቀው ድንጋጤውን ይዞ ጭንቀቱን ስለሚተው ይመስለኛል።

«ዘ ሻይኒንግ»ን ውሰድ፤ ክረምቱን ባዶ ሆቴል ሊጠብቅ ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር ገብቶ ስለሚያብድ ሰው ነው። የስቲቨን ኪንግ መጽሐፍ በ1977 ወጣ፣ የስታንሊ ኩብሪክ ፊልም በ1980 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። መጽሐፉ ውስጥ በእንስሳ ቅርጽ የተከረከሙ ቁጥቋጦዎች አሉ፤ ሰውየው ዓይኑን ከነሱ ላይ ባነሳ ቁጥር ቦታ ቀይረው ይጠብቁታል። ስታነብ ያስፈራል፣ ምክንያቱም አበደ ወይስ እውነት ነው የሚለውን አብረኸው ትጠራጠራለህ። ኩብሪክ እነሱን ትቶ ከገቡ መውጫው የሚጠፋ፣ በረጃጅም ቁጥቋጦ የታጠረ መንገድ አደረገው። ልጁ ባለ ሦስት ጎማ ሳይክሉን በሆቴሉ ኮሪደር ሲነዳማ ስማው፦ እንጨቱ ላይ ጎማው ይንኳኳል፣ ምንጣፍ ላይ ሲገባ ጭጭ፣ እንደገና እንጨት። ካሜራው ከኋላው ዝቅ ብሎ ይከተለዋል፣ ማጠፊያው ጋ ምን እንዳለ አናውቅም። ምንም ሳይፈጠር ትንፋሽህን ትይዛለህ። ኪንግ ፊልሙን አልወደደውም። እኔ ግን ኩብሪክ መጽሐፉን ገልብጦ ቢሆን ኖሮ ይሄን የሳይክል ቦታ አያገኘውም ነበር እላለሁ።

የኛው ፊልም መጨረሻ ላይ ተጣልተናል። ጓደኛዬ በሩ ይከፈት፣ ማን እንደሆነ ይታይ አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ጀሪካኑ በሩ ጋ ሲቀመጥ ይሰማል፣ ከሥር ውሃ ወደ ውስጥ መፍሰስ ይጀምራል፣ እዚያ ላይ ቆረጥነው።