መልስ፦ ብራዚል ውስጥ ጴንጤው ካቶሊኩን ሊበልጥ ነው?

“በፈረንጆቹ 2030 ገደማ ብራዚል ውስጥ ጴንጤው ካቶሊኩን ይበልጣል ይባላል፤ እውነት ነው?” ላልከው፣ ቁጥሩ እንደዚያ አይልም።

በ2022ቱ ቆጠራ፣ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ 56.7 በመቶው ካቶሊክ፣ 26.9 በመቶው ወንጌላዊ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ከ2010ሩ 22.2 በመቶ ጋር ሲያነጻጽር ነው። ያኛው ሕፃናትንም ይጨምራል፤ በአንድ መስፈሪያ ከሰፈርነው 21.6 ነው። እንግዲህ በ12 ዓመት 5.3 ነጥብ ጨመረ ማለት ነው። ከ2000 እስከ 2010 ግን በ10 ዓመት ብቻ፣ በዚሁ መስፈሪያ፣ 6.5 ነጥብ ነበር። ትንበያው የሳተው ያ ፍጥነት ይቀጥላል ብሎ ነው።

አገሩንም በጅምላ አትየው። አማዞን ውስጥ ያለችው የአክሬ ግዛት 44.4 በመቶ ወንጌላዊ ናት፤ የፒያዊ ግዛት ደግሞ 77.4 በመቶ ካቶሊክ። በሩቅ የአማዞን መንደሮች ካህን የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው፤ አንድ ካህን ለማፍራት የዓመታት ሴሚናሪ (የካህናት ትምህርት ቤት) ይጠይቃላ! ጴንጤው ግን ጠባብ ክፍል ይከራያል፣ የፕላስቲክ ወንበር ይደረድራል፣ ከሰፈሩ ሰው አንዱን ፓስተር ያደርጋል፤ አለቀ። ደግሞ ከካቶሊክ የወጣ ሁሉ ወደዚያ አይሄድም፤ በ2022ቱ ቆጠራ ከሕዝቡ 9.3 በመቶው ሃይማኖት የለኝም ብሏል።