የመጫኛ መመሪያ ለምትጽፉ ወጣቶች፦ ሊንኩን ብቻ ቀይራችሁ አትተዉት

ውድ ልጆች፣

ከቂሊንጦው ዩኒቨርሲቲ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከጎሮው አይሲቲ ፓርክ እስከ ለገጣፎ ድረስ ኩበርኔቲስ (በብዙ ማሽኖች ላይ በኮንቴይነር የታሸጉ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) የምትማሩና ለጓደኞቻችሁ የምታስተምሩ ልጆች በዝታችኋል። የመጫኛ መመሪያ በአማርኛ አዘጋጅታችሁ በቴሌግራም ስትለዋወጡ ማየት ያስደስታል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከእነዚህ መመሪያዎች አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ የተዘጋ አድራሻ ይዘው ስለሚዞሩ ነው። ጀማሪው ኮማንዱን እንዳለ ይገለብጣል፣ ተርሚናሉ ስህተት ይመልስለታል፣ ልጁም ጥፋቱ የራሱ ይመስለውና ተስፋ ይቆርጣል። ጥፋቱ ግን የመመሪያው ነው፤ ማደሱም የጸሐፊው ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኩበርኔቲስ ፓኬጆች ለዓመታት የሚወርዱት ጉግል ከሚያስተናግዳቸው ሁለት ሪፖዚተሪዎች (የፓኬጅ ማከማቻዎች፣ በአጭሩ ሪፖ) ነበር፦ ለኡቡንቱና ለዴቢያን አፕት.ኩበርኔቲስ.አይኦ፣ ለሬድ ሃትና ለመሰሎቹ ያም.ኩበርኔቲስ.አይኦ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2023 ፕሮጀክቱ ራሱ የሚያስተዳድረው ፒኬጂኤስ.ኬ8ኤስ.አይኦ ተከፈተ። የድሮዎቹ ከሴፕቴምበር 13 ቀን 2023 ጀምሮ አዲስ ፓኬጅ መቀበል አቆሙ፤ ከማርች 4 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ጭራሹኑ ተነሡ። ስለዚህ የድሮውን መስመር የያዘ ማሽን ላይ አፕት አፕዴት (የፓኬጅ ዝርዝር ማደሻ ኮማንድ) ስትሉ ሪፖዚተሪው የሪሊዝ ፋይል የለውም የሚል ስህተት ይመጣል። ከስህተቱ ውስጥ ኩበርኔቲስ-ዜኒያል የሚል ቃል ካያችሁ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አትፈልጉ። (አድራሻዎቹን እዚህ በፊደላችን የጻፍኳቸው እንድትለዩአቸው ነው፤ ኮማንዱን ሁልጊዜ ከፕሮጀክቱ ይፋዊ ሰነድ ላይ ቅዱ።)

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የድሮውን አድራሻ በአዲሱ ተክቶ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። አልጨረሰም። የድሮው ሪፖ ሁሉንም ቨርዥን በአንድ ላይ የያዘ ነበር። በአዲሱ ግን እያንዳንዱ ንዑስ ቨርዥን (1.31፣ 1.32 የሚባለው) የየራሱ ሪፖ አለው፤ አድራሻው ውስጥ ኮር፣ ስቴብል፣ ቀጥሎ ለምሳሌ ቪ1.31፣ መጨረሻ ላይ ዴብ (ለኡቡንቱና ለዴቢያን) ወይም አርፒኤም (ለሬድ ሃትና ለመሰሎቹ) ይላል። ቪ1.31 የሚል ሪፖ የያዘ ማሽን 1.32ን መቼም አያይም። ይህ በአንድ በኩል ጥበቃ ነው፤ ሳያስቡት ክላስተሩ (አብረው የሚሠሩት ማሽኖች ስብስብ) ወደ ሌላ ንዑስ ቨርዥን አይዘልም። በሌላ በኩል ግን መመሪያችሁ ይህን ካልተናገረ አንባቢው አዲስ ቨርዥን የለም ብሎ ይቀመጣል።

እኔን ከተዘጋው አድራሻ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ኩበርኔቲስ በዓመት ሦስት ያህል ንዑስ ቨርዥኖች ያወጣል፤ እያንዳንዱም ጥገና የሚያገኘው ለ14 ወር ያህል ብቻ ነው። መመሪያችሁ ውስጥ አንድ ቁጥር ጽፋችሁ ከተዋችሁት ከዓመት ከመንፈቅ በኋላም ያለ ምንም ስህተት ይጫናል፤ የሚጫነው ግን የደኅንነት ማስተካከያ የማይደርሰው ሶፍትዌር ነው። የሞተ ሊንክ ይጮኻል፣ ያረጀ ቨርዥን ግን ዝም ይላል። ስለዚህ የቨርዥን ቁጥሩን በየኮማንዱ አትበትኑት። መመሪያው መጀመሪያ ላይ በአንድ ተለዋዋጭ አስቀምጡት፣ የቀሩት ኮማንዶች ሁሉ ከዚያ ይውሰዱት። ከሥሩ መመሪያው የተሞከረበትን ቀን፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ቨርዥንና የኩበርኔቲሱን ቨርዥን ጻፉ። አንባቢው መመሪያውን ይመነው አይመነው የሚወስነው እነዚህን ሦስት መረጃዎች አይቶ ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። በኡቡንቱ ላይ የሚደረገው ሁለት ነገር ነው፤ የፊርማ ቁልፉን አውርዶ ማስቀመጥና የሪፖውን መስመር መጻፍ። ሁለቱም ጋ የሚያደናቅፉ ነገሮች አሉ።

ቁልፉ ኢቲሲ፣ አፕት፣ ኪይሪንግስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ከኡቡንቱ 22.04 እና ከዴቢያን 12 በፊት ባሉት ላይ ይህ ፎልደር በነባሪ ስለሌለ መመሪያው በ755 ፈቃድ እንዲፈጠር ማዘዝ አለበት። ቁልፉን በከርል (ፋይል ማውረጃ ኮማንድ) ስታወርዱ ኤፍ የምትለዋን ትንሿን ፊደል አትዝለሉ። እሷ ከሌለች ሰርቨሩ የመለሰው የስህተት ገጽ እንደ ቁልፍ ተቆጥሮ ወደ ጂፒጂ (ቁልፉን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም) ይገባል፣ ጂፒጂም ትክክለኛ የኦፕንፒጂፒ ዳታ አላገኘሁም ይላል፣ አንባቢው የቁልፍ ችግር ነው ብሎ ሲደክም ይውላል። ትልቁ ኤልም ያስፈልጋል፤ አድራሻው ጥያቄውን ወደ ሌላ ሰርቨር ስለሚመራ ከርል ተከትሎ መሄድ አለበት። በመሥሪያ ቤት ፋየርዎል ውስጥ ያላችሁም ይህንኑ አስቡ፤ አንዱን አድራሻ ብቻ ከፍታችሁ የሚመራበትን ከዘጋችሁ ማውረዱ መሀል ላይ ይቆማል።

ቁልፉ ከተቀመጠ በኋላ ፈቃዱ 644 መሆኑን አረጋግጡ። አፕት ሲያወርድና ሲያጣራ የሚሠራው ዝቅተኛ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ ስም ነው፤ እሱ ፋይሉን ማንበብ ካልቻለ ቁልፉ እዚያው ተቀምጦ ሳለ ቁልፍ የለም ይላችኋል። ስክሪፕት የምትጽፉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፋይሉ አስቀድሞ ካለ ጂፒጂ ልተካው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ የሚመልስለት ሰው ከሌለም ስክሪፕቱ እዚያ ይወድቃል። በአሁኑ ጊዜ የተለያዩ ቨርዥኖች ሪፖዎች የሚፈረሙት በአንድ ቁልፍ ስለሆነ ቨርዥን ስትቀይሩ ቁልፉን እንደገና ማውረድ ግዴታ አይደለም። ቁልፉ ግን የሚያበቃበት ቀን አለው፤ አፕት ፊርማው የተደረገበት ቁልፍ ጊዜው አልፏል ሲል በዚያው ኮማንድ አዲሱን አውርዱ። አፕት-ኪይ የሚለውን የድሮ ኮማንድ መመሪያችሁ ውስጥ ካገኛችሁት ሰርዙት፤ የዛሬው አሠራር ቁልፉን በሪፖው መስመር ላይ ሳይንድ-ባይ ብሎ መጥራት ነው።

የሪፖው መስመር ላይ ሁለት ምልክቶች ይጠፋሉ። አንደኛው ኮር እና ስቴብል ከሚሉት ቃላት በኋላ ያለው ሁለት ነጥብ (:) ነው። የትየባ ስህተት የመሰለው ሰው ያነሣዋል፤ ከተነሣ አድራሻው አይሠራም። ሁለተኛው መስመሩ መጨረሻ ላይ ከክፍተት በኋላ ለብቻው የሚቆመው ሕዝባር (/) ነው። የድሮው መስመር በዚህ ቦታ ኩበርኔቲስ-ዜኒያል ሜይን ይል ነበር፤ በአዲሱ ያንን ሁሉ ይህች አንዲት ምልክት ተክታዋለች። ከረሳችኋት አፕት የመስመሩ አጻጻፍ የተበላሸ ነው ብሎ ይቆማል። የድሮውን መስመር የያዘውን ፋይልም ሰርዙ። አዲሱ ትክክል ቢሆንም አሮጌው ሌላ ፋይል ውስጥ ካለ ስህተቱ መምጣቱን አያቆምም።

ቨርዥን ቆርጠው ለሚጭኑ መመሪያዎች ሌላ ወጥመድ አለ። በድሮው ሪፖ የፓኬጁ ቁጥር 1.28.2-00 እየተባለ ይጻፍ ነበር፤ በአዲሱ ያው ፓኬጅ 1.28.2-1.1 ነው። ሊንኩን አድሳችሁ ባለ ሁለት ዜሮውን ጭራ ከተዋችሁት ቨርዥኑ አልተገኘም ይባላል። ትክክለኛውን ቁጥር በግምት አትጻፉ፤ አፕት-ካሽ ማዲሰን ኩብአድም ብላችሁ ዝርዝሩን አይታችሁ ውሰዱ። ኩብሌት (በየማሽኑ ላይ የሚሠራው ወኪል)፣ ኩብአድም (ክላስተሩን የሚያስጀምረውና የሚያሳድገው) እና ኩብሲቲኤል (ክላስተሩን የምናዝበት) ከተጫኑ በኋላ በአፕት-ማርክ ሆልድ እንዲቆለፉ ማድረግን አሁንም አትተዉ፤ አንድ ንዑስ ቨርዥን ውስጥ ያሉ ትንንሽ እድሳቶችም ቢሆኑ ሳይታሰብ ኩብሌትን እንዲቀይሩት አይፈለግም። በአርፒኤም በኩል ይህንኑ የሚሠራው ኤክስክሉድ የሚለው መስመር ነው።

ከ1.24 በታች ያሉ ቨርዥኖች በአዲሱ ሪፖ ውስጥ የሉም። 1.23 ላይ የቆመ ክላስተር ያለው ሰው ፓኬጅ ቢፈልግ አያገኝም፤ ባይነሪዎቹን ከዲኤል.ኬ8ኤስ.አይኦ ያወርዳል። ወደ ላይ ለመውጣት ደግሞ አንድ በአንድ ነው፤ ከ1.29 ወደ 1.31 በቀጥታ አይኬድም። በመመሪያችሁ የእድሳት ክፍል ላይ ቅደም ተከተሉን በግልጽ አስፍሩ፦ በሪፖው ፋይል ቪ1.29ን ወደ ቪ1.30 ቀይሮ አፕት አፕዴት፣ ኩብአድምን ብቻ ማሳደግ፣ በመጀመሪያው መቆጣጠሪያ ኖድ (ክላስተሩን በሚመራው ማሽን) ላይ አፕግሬድ ፕላንና አፕግሬድ አፕላይ፣ በቀሩት ኖዶች ላይ አፕግሬድ ኖድ፣ ከዚያ ኖዱን በድሬን አራግፎ ኩብሌትን ማሳደግና እንደገና ማስነሣት፣ በመጨረሻም በአንኮርደን ወደ ሥራ መመለስ። ይህ በየኖዱ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ቪ1.31 የሚኬደው። የኩብሌት ቨርዥን ከኤፒአይ ሰርቨሩ (የክላስተሩን ትእዛዝ ከሚቀበለው ክፍል) ቨርዥን መብለጥ የለበትም።

አሮጌ አድራሻዎችን ስትፈልጉ ግሬፕ ተጠቀሙ፤ ነገር ግን ፓኬጅስ.ክላውድ.ጉግል.ኮም (የድሮዎቹ ሪፖዎች ፓኬጅና ቁልፍ ይወርድበት የነበረው የጉግል ሰርቨር) የሚለውን ስታገኙ በጅምላ አትተኩት። የጉግል ክላውድ መሣሪያም ከዚያው ሰርቨር ነው የሚወርደው። በሴድ አንድ ጊዜ ሁሉን የተካ ሰው የኩበርኔቲሱን አስተካክሎ የሌላውን ያበላሻል። እያንዳንዱን መስመር በዓይናችሁ እዩት።

የኢሜጅ (ኮንቴይነር የሚነሣበት የታሸገ ፋይል) አድራሻም አብሮ ይታደሳል። ኬ8ኤስ.ጂሲአር.አይኦ ከኤፕሪል 3 ቀን 2023 ጀምሮ አዲስ ኢሜጅ አይቀበልም፤ ቦታው ሬጂስትሪ.ኬ8ኤስ.አይኦ ነው። ይህ በኮማንዶች ውስጥ ብቻ ሳይሆን በያምል ፋይሎችና በተለይ በኮንቴይነርዲ (ኮንቴይነሮቹን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ኮንፊግ ውስጥ ይደበቃል። የፖዝ ኢሜጅ (የሳንድቦክስ ኢሜጅ የሚባለው) የሚጠራበት መስመር አሮጌውን አድራሻ ወይም አሮጌ ቁጥር ከያዘ ኩብአድም ሲጀምር የሳንድቦክስ ኢሜጁ እኔ ከምጠብቀው ጋር አይገጥምም ብሎ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። የኔትወርክ ፕለጊን ሊንኮችንም ፈትሹ፤ ፍላነል ከኮርኦኤስ ስም ወጥቶ በራሱ ስም ስለሚገኝ የድሮው መንገድ በመመሪያ ውስጥ መቆየት የለበትም።

ኔትወርክ ለሚቆራረጥበትና መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ መመሪያው አንድ ተጨማሪ አንቀጽ ይገባዋል። ኩብአድም ኮንፊግ ኢሜጅስ ፑል የሚለው ኮማንድ ኢሜጆቹን አስቀድሞ ያወርዳል፤ ለአንድ መቆጣጠሪያ ኖድ የሚፈለጉት ሰባት ናቸው፦ ኤፒአይ ሰርቨር፣ ኮንትሮለር ማናጀር፣ ስኬጁለር፣ ፕሮክሲ፣ ኮርዲኤንኤስ፣ ፖዝ እና ኢቲሲዲ። ኔቱ ጥሩ በሆነ ሰዓት ይህን አስቀድሞ የጨረሰ ሰው ማስጀመሪያው መሀል ላይ አይቋረጥበትም። ላብራቶሪ ያላችሁ ኢሜጆቹን በሲቲአር (የኮንቴይነርዲ ኮማንድ) ኤክስፖርት ወደ ፋይል አውጥታችሁ በፍላሽ ለቀሩት ማሽኖች ማካፈል ትችላላችሁ፤ ኬ8ኤስ.አይኦ የሚለውን ኔምስፔስ ሳትጠቅሱ ካስገባችሁት ግን ኩብሌት አያየውም። የውስጥ ሚረር (የሪፖውን ቅጂ) የምታስተዳድሩም አዲሱ አሠራር ሥራ እንደሚጨምርባችሁ እወቁ፤ የምትጠቀሙበትን እያንዳንዱን ንዑስ ቨርዥን ለየብቻው ማምጣት አለባችሁ።

መመሪያውን ካደሳችሁ በኋላ በራሳችሁ የሥራ ማሽን ላይ አትሞክሩት። እዚያ ቁልፉ አለ፣ ፎልደሩ አለ፣ የድሮ ፋይል አለ፤ የጎደለው አይታያችሁም። 2 ሲፒዩና 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ንጹሕ ቨርቹዋል ማሽን አስነሡ፣ ስናፕሾት ያዙ፣ ከመመሪያው ላይ ብቻ እየገለበጣችሁ ኖዱ ሬዲ እስኪል ድረስ ሂዱ። በእጃችሁ ያረማችሁት ነገር ካለ መመሪያው ላይ አርሙና ወደ ስናፕሾቱ ተመልሳችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እሱም የምታሠራጩበት መንገድ። ፒዲኤፍ አንዴ ከተለቀቀ አይመለስም። ኮማንድን በተራ የቴሌግራም መልእክት መላክ ደግሞ ይበልጥ ያበላሻል፤ ሁለቱን ሰረዝ አንድ ረጅም ሰረዝ የሚያደርግበት ጊዜ አለ፣ ቃል ማቀናበሪያም ቀጥ ያለውን ጥቅስ ምልክት ያጎብጠዋል። ተርሚናል ሁለቱንም አይቀበልም። ስለዚህ ጽሑፉን ጊት ላይ አስቀምጡ፣ በግሩፑ ውስጥ ሊንኩን ብቻ ፒን አድርጉ፣ ኮማንዶቹን በኮድ ቅርጽ ጻፉ። አሮጌውን ፒዲኤፍ የለጠፋችሁበት ቻናል በእጃችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አንሡት፤ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ለባለቤቱ በአክብሮት ጻፉለት፣ የትኛው መስመር ለምን እንደማይሠራና በምን እንደሚተካ አብራችሁ ላኩለት።