በርጩማው እንደ ባጃጅ ነው

ልጅ ማሳደግ ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

ሠላሳ ምናምን ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። የገዛ ልጄን ሒሳብ ያስጠላሁትም እኔው ነኝ። ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አስሸመድደው ነበር። ገና በአራት ዓመቱ እስከ ሃምሳ ሲቆጥር ለጎረቤት ጉራዬን እነዛለሁ። "አምስት ስኒ አምጣ" ስለው ግን እጁ የቻለውን ያህል ይዞ ይመጣል። ለካ ቁጥሩን የሚያውቀው እንደ ዘፈን ነበር።

ዛሬ የልጅ ልጄን ይዤ በጅማ መንገድ እወጣለሁ። አራት ዓመቷ ነው። ተራ የሚጠብቁ ባጃጆችን በጣቷ እየጠቆመች ትቆጥራለች። ለአንዱ ባጃጅ አንድ ቁጥር፣ ሳትዘል፣ ሳትደግም። ስትጨርስ "ታዲያ ስንት ናቸው?" እላታለሁ። በፊት በፊት እንደገና ከአንድ ትጀምርልኝ ነበር። መጨረሻ ላይ የጠራችው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑ አልገባትም ነበራ። ይህ ለእኛ ቀላል ነው፤ ለልጅ ግን ትልቅ ነገር ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። እባካችሁ አትቆጡ።

የአዌቱን ወንዝ ተሻግረን ጉልት እንደርሳለን። አቮካዶው በመደብ በመደብ ተደርድሯል። "ሳትቆጥሪ ስንት ይመስልሻል?" ስላት ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትገምታለች። ከዚያ ቆጥራ ታረጋግጣለች። ስትሳሳት ቶሎ አላርማትም፤ "እንዴት አወቅሽ?" እላለሁ። ብዙ ጊዜ ስታስረዳኝ ስህተቷን ራሷ ታገኘዋለች። (ሻጮቹ ደግሞ ከእኔ በላይ ትዕግሥት አላቸው፣ አንዳንዴም አንድ ይመርቁላታል። ያኔ ሒሳቡ ይበላሽብናል።)

ቡና ያለበት ግቢ አጠገብ ስናልፍ ቅጠሉን አሳያታለሁ። የቡና ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ነው የሚወጣው። ሁለት፣ አራት፣ ስድስት እያልን ቅርንጫፉን እንወርዳለን። ቀይ እሸቱን ከፈለቀቅነው ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፍሬ ነው። አንድ ብቻ የተገኘ ቀን ጩኸቷን ብትሰሙ!

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ጠይቃችሁ ዝም በሉ። እኔ ይህን ዝምታ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው የተማርኩት። መምህር ዝም ማለት አይወድም።

ባለፈው እንጨት ሥራ ቤት በር ላይ ቆመች። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ተቀምጧል። ምንም አልጠየቅኳትም። እግሮቹን አንድ በአንድ ነካች፣ ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረች።

"አባባ፣ ይሄ እኮ እንደ ባጃጅ ነው!"